ለሰፈራችን ሰላም ለደከማችሁ ሁሉ

ያለፉት ወራት ለሰፈራችን ከባድ ነበሩ። ስልክ ሲነጠቅ፣ በር ሲሰበር ከረመ። ከማታ ሥራ የሚመለሱ ሴቶች ጓደኛ ሳይጠብቁ ማለፍ ትተው ነበር። አሁን ነገሩ ረገብ ብሏል። ለዚህ የደከማችሁትን በነዋሪው ስም ላመሰግን ነው የጻፍኩት።

በመብራት ጥገና ሠራተኞች ልጀምር፤ እናንተን የሚያስታውስ የለምና። ከአውቶቡስ ፌርማታው ወደ ቤቶቹ የምትወስደው አጭር መንገድ ድቅድቅ ጨለማ ነበረች። አምፖሉን ቀይራችሁ ብቻ አልሄዳችሁም። ብርሃኑን የጋረደውን ቅርንጫፍም ቆረጣችሁልን።

የምክር ቤታችን የደኅንነት አስተባባሪ፣ እርስዎንስ ምን ብዬ ላመስግን? አንዱ ቢሮ "መብራት የእኛ ሥራ አይደለም"፣ ሌላው "ሌባ የፖሊስ ጉዳይ ነው" እያለ ሲያንከራትተን ነበር። እርስዎ ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጡልን። ማን ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጨርስም በወረቀት ያዙ። የሚቀጥለው ስብሰባ የሚጀመረው ያንን ወረቀት በማንበብ ነበር። ሥራውን ያልሠራ ሰው በሰው ፊት ያፍራል። ለእኔ ከካሜራም ከጥበቃም በላይ የሠራው ይሄ ነው።

የኮሚኒቲ ፖሊስ መኮንናችን ደግሞ ትዕግሥትዎ ይገርመኛል። እኛ "ሰፈሩ በሙሉ በፓትሮል ይሞላልን" ስንል፣ እርስዎ ወንጀል ጥቂት ቦታ ላይ እንደሚከማች በእርጋታ አስረዱን። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ፣ በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ የተደረገ ጥናት፣ ለፖሊስ ከሚደወለው ጥሪ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከ3 በመቶ ገደማ አድራሻዎች እንደሆነ አሳይቷል። የእኛም ሰፈር ከዚያ አልተለየም። አብዛኛው ነጠቃ ያቺው ጨለማ መንገድ ላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። አንዳንዶቻችን "የሚያጠራጥሩ" ወጣቶችን ስም ጽፈን ስናመጣልዎት አልተቀበሉንም። "ስም ሳይሆን ያያችሁትን ንገሩኝ፤ የት? ስንት ሰዓት? ምን ሲደረግ?" አሉን። በማግስቱ መንገድ ላይ ያገኟቸውን ወጣቶች በስማቸው እየጠሩ ሰላም ሲሉም አየን። ልጆቹ እኛን ትተው ለእርስዎ ማውራት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ወጣቶቻችን፣ ያን ሁሉ ጣት ተቀስሮባችሁ ሳትቀየሙ ከማታ ሥራ የሚመለሱትን ስለሸኛችሁ እናመሰግናለን።

ፖሊሶች በእግር እየተዘዋወሩ የሚያደርጉት የእግር ፓትሮል ሌባን ከሰፈር አጠፋ ብዬ አልዋሽም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካዋ ኒውአርክ ከተማ ሲሞከርም የወንጀሉ ቁጥር እምብዛም አልተለወጠም፤ የቀነሰው የሕዝቡ ፍርሃት ነበር። ያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ፍርሃቱ የቀነሰለት ሰው ማታም ይወጣል፤ መንገዱ ላይ ሰው ሲበዛ እኮ ለነጣቂም አይመቸውም።

ስልካችሁ ተነጥቆ "ምን ሊፈይድ" ሳትሉ ያመለከታችሁ ጎረቤቶች፣ የምሽቱን አስጊ ሰዓት ያወቅነው በእናንተ ነው። የተነጠቀባችሁን መልሳችሁ እንዳላገኛችሁ አውቃለሁ። ለሌላው ግን ተርፋችኋል።

ደግሞ ሥራው አላለቀም። ከኋላ ባለው መንገድ ሁለት መብራቶች አሁንም አይበሩም። ለሚቀጥለው ስብሰባ አስመዝግቤያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈሩ ደኅንነት ኮሚቴ ጸሐፊ