«እሺ» ሁሉ ፈቃድ አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ መርሳት በሽታ የወጣው ጽሑፍ ሕክምናውን በሰፊው ቢያብራራም፣ ታማሚው ሐሳቡን ማስረዳት ሲያቅተው ማን ስለ እርሱ እንደሚቆም አላነሳም። በእንግሊዝ የ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ፣ ስለ እንክብካቤው በሚደረገው ውይይት ለመሳተፍ እጅግ ለሚቸገርና ተስማሚ ደጋፊ አጠገቡ ለሌለው ሰው፣ የአካባቢው አስተዳደር ሐሳቡንና ፍላጎቱን የሚያሰማለት ገለልተኛ ተሟጋች እንዲመድብለት ያስገድዳል፤ ይህ መብት በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ በበቂ የሚታወቅ አይመስለኝም።

በሽታው ብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩትን ቋንቋ ቀድሞ ያደክማል። ለንደን ውስጥ እየሄድኩ የምጠይቃቸው አንዲት እናት፣ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፣ እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ስለ መዛወር ሲጠየቁ በይሉኝታ «እሺ፣ እሺ» አሉ፤ እንደ ፈቃድም ተመዘገበባቸው። ዛሬም ማታ ማታ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ የሚወስዳቸውን ሰው ይጠብቃሉ።

ቤተሰብ ካለ ይበቃል የሚሉ አሉ። ይሁንና ዘመድ ሊደክም፣ በታማሚው ቤት ወይም ንብረት ላይም ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ገለልተኛው ተሟጋች ግን ከውሳኔው የሚያተርፈው የለም።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና የማኅበረሰብ ማኅበራት አማርኛ ተናጋሪዎች ለተሟጋችነት እንዲሠለጥኑ ለየአካባቢያቸው አስተዳደር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቤተሰቦችም የእንክብካቤ ግምገማ ቀጠሮ ሲደርሳቸው ተሟጋችና አስተርጓሚ እንዲገኙ አስቀድመው ያመልክቱ።

አንድ አንባቢ፣ ከለንደን