የትዕዛዝ መሰረዣው ሊንክ ለምን ተዘጋ?

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የድሮው የትዕዛዝ መሰረዣ ሊንክ ለምን 405 ("በዚህ ዘዴ አይፈቀድም" የሚል የስህተት ቁጥር) እንደሚመልስ ጠይቃችሁናል። የዘጋነው እኛው ነን፣ ቀድመን ስላልነገርናችሁ ከልብ ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፒአዩን (ፕሮግራሞቻችሁ ከሲስተማችን ጋር የሚነጋገሩበትን መንገድ) ስንጀምር ማየትም መሰረዝም በጌት (GET፣ ብራውዘር ሊንክ ሲከፍት በሚልከው የጥያቄ ዓይነት) ነበር፣ /ትዕዛዞች/45/ሰርዝ ብሎ ከኋላው ቶክን (ማንነታችሁን የሚያረጋግጥ ሚስጥራዊ ቁልፍ) ቀጥሎ ብራውዘር ላይ መለጠፍ ስለሆነ ቀላል መስሎን። ባለፈው አንድ ደንበኛችን ይቺኑ ሊንክ "ልሰርዘው እንዴ?" ብሎ ለባልደረባው በቻት ላከ፣ ሰውየው መልዕክቱን ገና ሳያየው ትዕዛዙ ተሰርዞ ቁጭ! ለካ ቻቱ ፕሪቪው ለማሳየት ሊንኩን ራሱ ከፍቶታል። ጥፋቱ የቻቱ አይደለም፣ የኛ ነው። ጌት ማለት እኮ አሳየኝ ማለት ነው፣ ምንም እንዲቀይር አይጠበቅም፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤችቲቲፒ (የዌብ መልዕክት መለዋወጫ) መስፈርት አርኤፍሲ 9110ም ይሄንኑ ነው የሚለው፣ ክሮለሩም (ሊንኮችን በራሱ እየከፈተ የሚያስሰው ፕሮግራም) ምኑም ይሄን አምኖ ነው ያገኘውን ሊንክ የሚከፍተው።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ መሰረዝ በዲሊት (DELETE) /ትዕዛዞች/45 ነው፣ ዲሊትም ከታች ያሉትም እንደ ጌት የጥያቄ ዓይነቶች ናቸው። አዲስ ትዕዛዝ በፖስት (POST)፣ ሙሉውን መተካት በፑት (PUT)፣ አንድ ነገር ብቻ ለምሳሌ አድራሻውን መቀየር በፓች (PATCH)።

ይቺን ግን አደራ፦ ኔትወርክ ተቆርጦ መልስ ሳይመጣላችሁ ከቀረ ፑትና ዲሊትን ሳትፈሩ ድገሙት፣ ሁለቴም ቢሄድ ውጤቱ ያው ነው (ሁለተኛው ዲሊት 404 (አልተገኘም) ቢል አትደንግጡ፣ የመጀመሪያው ሰርቷል ማለት ነው)። ፖስት ሁለቴ ከሄደ ግን ሁለት ትዕዛዝ ይፈጠራል፣ ከመድገማችሁ በፊት ዝርዝሩን አይታችሁ መግባት አለመግባቱን አረጋግጡ።

ፓራሜትር ላይ ደግሞ፣ የቱ ትዕዛዝ እንደሆነ የሚለየው ቁጥር ፓዝ ላይ (እንደ /ትዕዛዞች/45) ይግባ፣ ማጣሪያና ገጽ ኩዌሪ (ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው ክፍል) ላይ፣ ልክ እንደ /ትዕዛዞች?ሁኔታ=ያልደረሰ&ገጽ=2፣ የሚመዘገበው ዳታ በጄሰን (JSON) ቦዲ ውስጥ፣ ማለትም ከአድራሻው ተለይቶ በሚላከው የጥያቄው ይዘት ውስጥ። ማጣሪያው በጣም ሲረዝምባችሁ ጌት ላይ ቦዲ አትጨምሩ፣ መሀል ያለ ፕሮክሲ (ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ሊጥለው ይችላል፣ ለዚህ ብለን በፖስት የሚሰራ /ፍለጋ አዘጋጅተናል። ፖስት ለፍለጋ ሲሆን ደስ አይልም፣ ካሽ ማድረጉም (መልሱን አስቀምጦ ደግሞ መጠቀሙም) ይቀራል፣ ግን ከሚጠፋ ቦዲ ይሻላል።

ቶክን ከእንግዲህ በኦቶራይዜሽን ሄደር (Authorization፣ ከጥያቄው ጋር ከዩአርኤሉ ውጭ የሚላክ መስመር) ብቻ ነው የምንቀበለው፣ ዩአርኤል ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሰርቨር ሎግና ብራውዘር ሂስትሪ ውስጥ ይቀራል። እስከዛሬ ሊንክ ላይ ስትለጥፉት የነበራችሁ ዛሬውኑ አዲስ አውጡና አሮጌውን ዝጉት፣ ያስቸገራችሁ ካለ ኮዳችሁን ላኩልን አብረን እናየዋለን።

የቴክኒክ ቡድኑ