ሰው ባንክ ውስጥ ይሰፍራል እንዴ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ የምገዛው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደንገል ታንኳ ሲሠሩና ጣና ላይ ሲቀዝፉ ኖረው ዛሬ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እርሳቸው ቤት ቡና እየጠጣን አነብላቸዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የውጭ ዜናውን ጀምሬ “በዌስት ባንክ የሚኖሩ ሰፋሪዎች” የሚለው ላይ ስደርስ ስኒያቸውን አስቀመጡና “ቆይ እስቲ መምህር፣ ሰው ባንክ ውስጥ ይሰፍራል እንዴ? እዚያም የቤት ኪራይ እንዲህ ተወዷል?” አሉኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ለዚህ አንድ ደቂቃ ይበቃል ብዬ ነበር። አቦል ላይ የጀመርነው በረካ ላይ አለቀ።

የዜናው ባንክ ገንዘብ ቤት አይደለም። በእንግሊዝኛ ወንዝን ግራና ቀኝ ይዞ የሚሄደው ከፍ ያለ መሬትም ባንክ ይባላል። ዌስት ባንክ እንግዲህ ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተምዕራብ ያለው ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ ዮርዳኖስ የምትባለው አገር ከምሥራቅ ተሻግራ አካባቢውን ስትይዝ በዐረብኛ “ምዕራባዊው ዳርቻ” አለችው፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ ተረጎመ። ፈረንሳዮች ሲስዦርዳኒ ይሉታል፤ “ከዮርዳኖስ ወዲህ” እንደማለት ነው። እኛ ግን የእንግሊዝኛውን ድምፅ እንዳለ ተሸክመን ቀረን። ለዳር ቃል እንደቸገረው ሕዝብ! የምጽፍላችሁ እኮ ባሕር ዳር ከምትባል ከተማ ነው። ወንዝ ዳር፣ መንገድ ዳር፣ እሳት ዳር እንላለን፤ ዳር ድንበር አለን፤ ነገሩን ፈርቶ ዳር ዳር የሚል ሰውም ሞልቶናል። እንግሊዞች ለወንዝ ባንክ፣ ለሐይቅ ሾር፣ ለባሕር ኮስት እያሉ የሚከፋፍሉትን እኛ በአንዲት ቃል እንጨርሰዋለን።

“ታዲያ ማዶ ለምን አይሉትም?” አሉኝ ጎረቤቴ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለታችንም የምንኖረው ዓባይ ማዶ ነውና። ችግሩ ማዶን የሚወስነው ተናጋሪው የቆመበት ቦታ መሆኑ ነው። ሰፈራችንን ዓባይ ማዶ ያለው ከተማው ውስጥ የቆመ ሰው ነበር። ለእኛ ማዶው ከተማው ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ባለው ድልድይ የሚሻገር ሰውማ መካከሉ ላይ ሲደርስ ሁለት ማዶ ይኖረዋል። መጽሐፍ ቅዱሳችንም “በዮርዳኖስ ማዶ” ሲል ብዙውን ጊዜ ምሥራቁን ነውና፣ ዜናው ላይ ማዶ ብትሉ አንባቢው ወንዙን ተሻግሮ ሌላ አገር ይገባል። የእንግሊዞቹ ግራና ቀኝ ባንክ በሰው ሳይሆን በውኃው ነው የሚለየው፤ ፊትህን ውኃው ወደሚፈስበት ስታዞር በግራህ ያለው ግራ ነው። በዚህ ስሌት ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ የእኛ ሰፈር በግራ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና ገበያው በቀኝ ናቸው።

“ገንዘቡስ ከወንዝ ዳር ጋር ምን አገናኘው?” ሲሉኝ ነው ወጉ የጣመኝ። በመካከለኛው ዘመን የጣልያን ከተሞች ገንዘብ መንዛሪዎች የሚሠሩት አግዳሚ ዘርግተው ነበር፤ አግዳሚው ባንኮ ይባላል። እንግሊዞች የከሰረ ሰውን የሚጠሩበት ባንክራፕት የሚለው ቃልም “የተሰበረ አግዳሚ” ከሚለው የጣልያንኛ አነጋገር የመጣ ነው። የወንዙም የገንዘቡም ባንክ ወደ ኋላ ሲቆጠሩ ግን ከአንድ የጥንት ጀርመናዊ ሥር ይገናኛሉ። ከፍ ያለ አፈር፣ ሰው የሚቀመጥበት ከፍታ። ይህን እያልሁ ዓይኔ የተቀመጥንበት ላይ አረፈ፦ ግድግዳውን ተጠግቶ በጭቃ የተሠራ፣ በእበት የተለቀለቀ፣ አጎዛ የተነጠፈበት። “መደብ ነዋ!” አሉ ጎረቤቴ ከእኔ ቀድመው። መደብ ነው። ችግኝ የሚፈላበትም መደብ ነው፤ መንግሥትም በጀት ይመድባል። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አንድ ቀን እንኳን አልመጣልኝም።

የባዕድ ቃል ጠላት እንዳልመስላችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ሱቋ ውስጥ ክርኗን የምታሳርፍበት ባንኮኒ ከዚያው ከጣልያኖቹ የመጣ ነው፤ ትልቁ ባንኮ ማለት ነው፤ እንግዳ መሆኑን ግን ማንም አያስታውሰውም። በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ሲከፈትም ቃሉ ከነሥራው መጣ። ሥራ ይዞ የመጣ ይቀመጥ። ደም ባንኩም፣ ልጆቹ ለስልካቸው የሚይዙት ፓወር ባንክም ይሁን፤ ያኖሩትን ነገር መልሰው የሚያወጡበት ነው። እንግሊዞች እሳትን እንኳን ባንክ ያደርጋሉ፤ ማታ ፍሙን አመድ አልብሶ ለነገ ማሳደር ነው፣ እኛ ማዳፈን የምንለው። ይህን ስነግራቸው ጎረቤቴ ከልባቸው ሳቁ። “እንግዲያው እናቴ ባለባንክ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ እሳት የሚጭረው ከእርሷ ምድጃ ነበር፤ ያውም ያለ ወለድ” አሉ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት፤ “የዮርዳኖስ ምዕራባዊ ዳርቻ” ብላችሁ ጻፉልን። ቦታ ከጠበበ “ምዕራባዊው ዳርቻ” ይበቃል። ባለፈው እሑድ እንደገና “ዌስት ባንክ” ብላችሁ ስትጽፉ እኔ “ምዕራባዊው ዳርቻ” እያልሁ አነበብሁላቸው። “አስተካከሉት ማለት ነው?” ብለው ጠየቁኝ። አዎ ብያለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህር
ዓባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር