የዲከረንሱ ብርሽ ነገር

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣ እንደ እህቴ ለማይሽ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው። ስድስት ዓመት ድምፄን ያጠፋሁት ኔትወርክ ስለሌለ ነው ብዬ ልጀምር ነበር። እውነትም ብዙ ወራት ኔትወርክ አልነበረም። መንገድም ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የከረመው። አንቺን ግን አልዋሽሽም። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። በ2011 ከጅዳ በብድር የላክሽልኝን 40 ሺህ ብር ይዤ በየትኛው አፌ ልደውልልሽ?

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ገበያ እናትሽን አገኘኋቸው። «ልጄ ልትገባ ነው፤ የአባቷን መሬት በሙሉ የከሰሉን ዛፍ፣ ዲከረንስን አስተክላለሁ ብላለች» አሉኝ። ክው አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

አንቺ የምታውቂው የያኔውን ዲከረንስ ነው። ትዝ ይልሻል፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ችግኝ ጣቢያ ሄደን ፕላስቲክ ውስጥ አፈር ስንሞላ? ደብተራችንን የገዛነው በዚያ ነው። የወረዳችን የፋግታ ለኮማ መሬት አሲዳማ ሆኖ ገብሱ እንቢ ባለበት ጊዜ የመጣልን ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ጤፍ ትዘሪና መሃሉ ላይ ችግኝ ትተክያለሽ። ጤፉን ታጭጃለሽ። ቀጥሎ ሣሩን ለከብት። በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ቆርጠሽ ከሰል ታከስያለሽ፤ ከሰል የወጣለት መሬት ደግሞ መልሶ ጤፍ ያበቅላል። ሰው የሣር ቤቱን በቆርቆሮ የቀየረው በዚህ ነው። መሬት የሌለው ጎረምሳ እንኳ ወይ ቆራጭ፣ ወይ አክሳይ፣ ወይ ጫኝ ነበር። አይሱዙው ማዳበሪያ ሙሉ ከሰሉን ተራራ አሳክሎ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ እኛም አብረን የወጣን ይመስለን ነበር።

ብርሽ ሲደርሰኝ የጎረቤት መሬት ሁለት ቃዳ ተከራየሁና ሞላሁት። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ቅጠሉ ላይ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር አየሁ። እጄን ሲነካው ቀለም ይተዋል። የስንዴ ዋግ ታውቂ የለ? የዛፍ ዋግ ነው። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። ባለሙያዎቹ መጥተው ፈንገስ ነው አሉን። የዲከረንስ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ የዋጉም ትውልድ እዚያው ነው አሉ። ዘመዱን ፈልጎ መጣ ማለት ነው።

እንዴት እንደሮጠ ብታዪ። የሚያቆመው ነገር አልነበረም፤ ከማሳ ማሳ ሁሉም ያው ዛፍ ነዋ። የእኔ ሲደርቅ ከማን እበደራለሁ? የሁሉም ደርቋል። ችግኝ ሻጩም፣ ቆራጩም፣ ደላላውም በአንድ ሰሞን ሥራ ፈቱ። እህል ብቻ ላይ ተንጠልጥለን አንቀርም ብለን የተከልነው ዛፍ፣ ለካ ሌላ መንጠልጠያ ሆኖን ነበር። እኔ ያንን ያየሁት ብርሽን ከበላሁ በኋላ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ነቅሎ ወደ ድንች፣ ወደ ጤፍ፣ ወደ ባሕር ዛፍ ተመልሷል። ያልቆረጠለትም አለ። ገና ሳይታመም ቶሎ ቆርጦ የሚያከስል አለ። ጨርሰሽ አትትከይ አልልሽም፤ ሁሉን አትትከይ ነው የምልሽ።

እኔን ያነሳኝ ድንች ነው። ለወጥ የሚሆነው ሳይሆን ዘሩ። አንድ ሰሞን ሥልጠና ጠርተውን ነበር። አሠልጣኙ ግማሽ ቀን «ኢንተርፕረነር ሁኑ» ሲለን ዋለ። እናቴ ከኋላ ቁጭ ብላለች፤ እንቁላል ሽጣ፣ ጌሾ ሽጣ፣ አረቄ አውጥታ ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ «ምን ሁኑ ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሰዓት በኋላ ግን የዘር ድንች ቤት አሳዩን። እሱ ጠቀመኝ። ግድግዳው ክፍት የሆነ የእንጨት ቤት ነው፤ ብርሃን ይገባዋል፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አያገኘውም። ድንቹን መደርደሪያ ላይ ስስ አድርገሽ ትበትኛለሽ። ጨለማ ቤት ያስቀመጥሽው ድንች እንደ ገመድ የረዘመ ነጭ ጉንቁል ያወጣል፤ ሲነካ ይሰበራል። እዚህ ግን ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ነው። በለጠ የሚባለውን ዝርያ አስቀምጬ ለመትከያ ጊዜ አወጣሁት። ለመብል ከሚሸጠው የተሻለ ዋጋ አገኘሁበት። ድንችም ቢሆን በየዓመቱ አንድ ማሳ ላይ ከመለስሽው አጠውልግ የሚባለው በሽታ ይገባበታል። ስለዚህ ቦታ እያቀያየርኩ ነው።

ሳቂ አሁን፤ ንብም አነባለሁ። ባህላዊው ቀፎ ዛፍ ላይ ስለሚሰቀል የወንድ ሥራ ነው ይሉን አልነበር? ዘመናዊው ቀፎ ጓሮ እግር ላይ ይቀመጣል፤ ዛፍ መውጣት የለም። በሁለት ቀፎ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓመት አንዱ ባዶ ቀረ። አበባው በፈነዳበት ሰሞን አጠገቤ ያለው ማሳ መድኃኒት ተረጭቶ ነበር። ግማሹ ንብ አለቀ፣ የተረፈው ኮበለለ። ተጣልተን ነበር፤ አሁን ሊረጭ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል፣ እኔም ማር ስቆርጥ አልረሳውም። ዛሬ አምስት ቀፎ አለኝ። ከባህላዊው አምስት ስድስት ኪሎ ቢወጣ ነው፤ ከዘመናዊው ደህና በሆነ ዓመት 15 ኪሎ አገኛለሁ። አደይ አበባው ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር ላይ የሚቆረጠውን ብትቀምሺው!

እንግዲህ ወደ ብርሽ ልምጣ። 40 ሺህ ብሩን ቆጥሬ ባስቀምጥልሽ ዘርፌሽ ማለት ነው። ያኔ አንድ ሪያል 7 ብር ከምናምን ነበር፤ አሁን ከ30 አልፏል። አንቺ የሰጠሽኝ የአምስት ወር ደሞዝሽን ነው፤ እኔ የምመልስልሽ የአንድ ወር ከምናምን ይሆናል። ባለቤቴ «ብር ብር ነው» አለኝ። አልተስማማሁም፤ ሁለት ቀን ተኳረፍን። በመጨረሻ ጊደር ገዝቼ ለእናትሽ አስረከብኩ። ዳማ ናት፣ ቀንዷ ገና እየወጣ ነው። ከአምስቱ ቀፎ ሁለቱም ያንቺ ናቸው። ዘንድሮ የተቆረጠውን ማርሽን በጀሪካን አሽጌ እናትሽ ቤት አስቀምጫለሁ። ያ ሁሉ ተደምሮ ዕዳውን እንደማይሞላ አውቃለሁ። ቀሪውን ስትመጪ ተቀምጠን እናሰላዋለን፤ ከፈለግሽ ሽማግሌ ጥሪብኝ።

ለአባትሽ መሬት ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። የላይኛውን፣ በጎርፍ የተሸረሸረውን ብቻ ለዛፍ ተዪው። የታችኛውን ለዚህ ክረምት ለእኔ በእኩል ስጪኝ፤ ዘሩ ከእኔ፣ መሬቱ ካንቺ። እሺ ካልሽ ለእናትሽ ደውለሽ ንገሪያቸው፤ ከግንቦት በፊት መታረስ አለበት።

ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሳያልፍ ድረሺ። ወንድምሽ ዘንድሮ በአባታችሁ ፈረስ ይጋልባል፤ ኮርቻውን ከአሁኑ እየወለወለ ነው። ጊደሯንም እናትሽ ስም አላወጡላትም፣ «ባለቤቷ ታውጣላት» ብለዋል።

ያንቺው