የንግድ ፈቃዱን ስቴት ይሰጣል፤ ግሪን ካርዱን ግን ስቴት አልሰጠንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሐበሻው በሚኒሶታ የካናቢስ (የማሪዋና) ንግድ እንዲሰማራ የሚመክረውን ጽሑፋችሁን ሱቄ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ካሉት ብዙው ልክ ነው። አንድ ነገር ግን አላነሱም። እኔም ጠበቃ ሳልጠይቅ ገብቼ ታናሽ እህቴን ገደል ልከታት ነበር።

ሴንት ፖል ውስጥ 21 ዓመት ኖሬያለሁ። ትንሽ ግሮሰሪ አለችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራ እሸጣለሁ። ጁላይ 1 ቀን 2022 ከሄምፕ፣ ማለትም የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ከሚያንስበት የካናቢስ ዓይነት፣ የሚሠራ ቲኤችሲ ያለበት ምግብና መጠጥ ሲፈቀድ፣ አንድ ካርቶን መጠጥ አስመጥቼ ፍሪጁ ውስጥ ከአምቦ ውሃ አጠገብ ደረደርኩ። አምቦው ሳይነካ እሱ አለቀ። ሐሳቡ ያኔ ነው የመጣልኝ።

በዓመቱ፣ ሜይ 30 ቀን 2023፣ የሚኒሶታው ገዢ ቲም ዋልዝ ካናቢስን የሚፈቅደውን ዋናውን ሕግ ፈረሙ። ከኦገስት 1 ጀምሮ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው መያዝም መጠቀምም ተፈቀደ። የንግድ ፈቃዱ ግን ተጓተተ። እኛ ያመለከትነው ከፌብሩዋሪ 18 እስከ ማርች 14 ቀን 2025 በተከፈተው ጊዜ ነው። የመረጥነው ማይክሮቢዝነስ የሚባለውን የትናንሽ ንግዶች ፈቃድ ነው፤ ማመልከቻው 500 ዶላር ነው፣ የፈቃዱ ቁጥርም አይገደብም፣ ዕጣ የለውም። ድህነት በበዛበት ሰፈር አምስት ዓመት የኖረ ሰው ከድርጅቱ ቢያንስ 65 በመቶ ከያዘ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ይመደባል። ለዚህ እንኳን የኛን ሰፈር የሚያህል የለም።

ድርሻውን ለሦስት ተከፋፈልነው። እኔ 65፣ እህቴ 20፣ የባለቤቴ ወንድም ልጅ 15። እህቴ በዲቪ የመጣችው በ2022 ነው። ማታ ማታ አረጋውያን ቤት እየሠራች ያጠራቀመቻትን ዘጠኝ ሺህ ዶላር ይዛ መጣች። ወረቀቱን የሚሞላልን አማካሪ ቀጠርን። ሦስት ሺህ ዶላር ከፈልነው። «እህቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ ችግር አለው?» አልኩት። «ስቴቱ ዜግነት አይጠይቅም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የፌዴራሉ መንግሥት ነው።

ጊዜው ሊዘጋ ስምንት ቀን ሲቀረው ለኪራይ ውሉ ብለን አንዲት ጠበቃ ጋ ሄድን። ውሉን ገና ሳትገልጥ «ከሦስታችሁ ሰማያዊ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ማነው?» አለች። እኔና ልጁ እጃችንን አነሳን። እህቴ ዝም አለች። ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ያስረዳችን ይህን ነው። ካናቢስ በፌዴራል ሕግ አሁንም ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ ዩኤስሲአይኤስ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2019 መመሪያ አውጥቷል። ስቴቱ ቢፈቅድም በዚህ ንግድ መሥራት ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ ይችላል ይላል። ባለድርሻ መሆን ብቻ አይደለም፣ ካሸር ሆኖ መቀጠርም ያው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ሥራው ምን እንደሆነ ቢጠየቅና ቢናገር፣ ሌላ ጣጣ ሊከተል እንደሚችልም ነገረችን። እህቴ «እኔ እኮ አጭሼም አላውቅ» አለች። ጠበቃዋ «ቢያጨሱትም፣ ቢሸጡትም፣ ለኢሚግሬሽን ሁለቱም ችግር ነው» አለቻት።

ያን ማታ ድርሻውን ቀየርን። እኔ 80፣ ልጁ 20። እህቴ ዘጠኝ ሺዋን መልሳ ወሰደች። መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

የገንዘቡ ምንጭ ሌላ ራስ ምታት ሆነ። የኔ ድርሻ ከእቁብ ነው የመጣው። አሥራ ሁለት ሰው ነን፣ በወር ሺህ ሺህ ዶላር እንጥላለን። ጠበቃዋ «አበዳሪው ማነው?» ትላለች። አበዳሪ የለም እላለሁ። «ታዲያ አሥራ ሁለት ሺሁን ማን ሰጠሽ?» «ዕጣ ወጣልኝ።» «ሎተሪ ነው?» እንዴት አድርጌ ላስረዳት! በመጨረሻ የእቁባችንን ዳኛ ጠርቼ አመጣኋቸው። ጋሼ የ30 ዓመት ደብተር ያላቸው ሰው ናቸው። ደብተሩን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግተው የጣልኩትን በየወሩ ቆጠሩላት። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ተጻፈና ፈረሙ። ሲፈርሙ ግን አንድ ነገር ጠየቁ፤ የሌሎቹ አባላት ስም እንዳይገባ። ግማሾቹ ግሪን ካርድ ናቸው። እኔ ያላሰብኩትን እሳቸው አሰቡት።

የቀረው እንደማንኛውም ንግድ አድካሚ ነው። ከተሞች ከትምህርት ቤት እስከ 1,000 ጫማ ድረስ ሱቅ መከልከል ይችላሉ፤ ስለዚህ በዚያ ብርድ የልኬት ጎማ እየገፋሁ ከአጥር እስከ በር ለክቻለሁ። አራት ሠራተኛ ላላት ሱቅ ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የሰላም ስምምነት የሚባለውን፣ ማኅበሩ ሥራ ላያውክ እኔም መደራጀትን ላልከለክል የምንስማማበትን፣ ፈርሜያለሁ። ሁለት አከራዮች ባንካቸውን ፈርተው መልሰውኛል። የካናቢስ ሽያጭ ታክሱ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከ10 ወደ 15 በመቶ ወጥቷል። የሒሳብ ሠራተኛዬ 280ኢ ስለሚባለው የፌዴራል ታክስ አንቀጽ ሲነግረኝ፣ የዕቃውን መግዣ እንጂ ኪራይና ደመወዝ ማስቀነስ እንደማይቻል ሲያስረዳኝ፣ ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። ይህን ሁሉ ግን በገንዘብና በትዕግሥት ይወጡታል።

እናቴ ደሴ ሆና ሰማች። «ሐሺሽ ልትነግጂ ነው?» አለችኝ። ሕጋዊ ነው አልኳት። «ሻሸመኔም ያሉት ያው ሕጋችን ነው ይላሉ» አለችና ዘጋችብኝ። ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኳቸውም። ቢራ የሚሸጡት ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ እኔም አንድ ቀን እነግራቸው ይሆናል።

ግሮሰሪና ነዳጅ ማደያ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ኮንግረስ በኖቬምበር 2025 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ በአንድ ጣሳ ከ0.4 ሚሊግራም በላይ ቲኤችሲ ያለበት መጠጥ ከኖቬምበር 2026 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ከሄምፕ አይቆጠርም። ዛሬ ከአምቦው ጎን ያለው ጣሳ ያኔ ምን እንደሚባል ጠይቁ። በተለይ ካሸር ላይ ያለችው ልጅ ዜግነት ካልወሰደች።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ልመና ቀላል ነው። ንግዱን የሚያበረታታ ጽሑፍ ስታወጡ፣ በዚያው ገጽ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቃል አስገቡ። የአማካሪዎች ማስታወቂያም ስትቀበሉ «ግሪን ካርድ ላለው ምን ትመክራለህ?» ብላችሁ ጠይቁልን። እኛ የከፈልነው ሦስት ሺህ ዶላር አልተመለሰም፣ አይመለስምም። የሌላ ሰው ዜግነት እንዳይሄድ ግን ገና ጊዜ አለ።

እህቴ ለዜግነት የምታመለክተው በ2027 ነው። እስከዚያ ግሮሰሪው የሷ ነው፤ መጠጡንም ከፍሪጁ አውጥተነዋል። አዲሱን ሱቅ ቀለም እየቀባን ነው። ጠበቃዋ ብትገባ ምንም የለውም ብትላትም፣ ትናንት ምሳ ይዛልን መጥታ መንገድ ዳር ቆመች። ስልኬ ጠራ። «እትዬ፣ ሳህኑን ውጪና ተቀበይኝ» አለችኝ።

በእህቴ ጉዳይ ምክንያት ስሜ እንዳይወጣ እለምናለሁ።

አንዲት ባለ ግሮሰሪ፣ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ