በቤት ኮምፒውተር ላይ ከዊንዶውስ ጎን ሊነክስ ስለመጫን ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች

እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ቢሮዬ መጥተው ነበር። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የስምንት ዓመት ፎቶ ከኮምፒውተራቸው ጠፍቷል። የልጆቹ ልደት፣ ከእናታቸው ጋር ያሳለፉት የመጨረሻ ፋሲካ፣ ሁሉም። ልጃቸው እዚህ ትምህርት ቤት ያየውን ሊነክስ፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሥርዓት፣ ቤት ለመጫን ሞክሮ፣ መሃል ላይ የመጣለትን ጥያቄ ሳያነብ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን መርጧል። ልጁ ጥፋት አስቦ አይደለም። ያስተማርነው እኛ ነን፤ ጥንቃቄውንም ቀድመን ለእናንተ መንገር ነበረብን። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለምን ሊነክስ እንደምናስተምር ልንገራችሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ የኮምፒውተር ክፍላችን ማሽኖች ይህ የላቸውም። ደህና የሚሠሩ ማሽኖችን መጣል አልፈለግንም። ስለዚህ ሊነክስ ሚንት የሚባለውን የሊነክስ ዓይነት ጫንንባቸው። ነፃ ነው፣ በ4 ጊጋባይት ራም ደህና ይሄዳል፤ በየፍላሹ እየዞረ ፋይል የሚደብቀው ሻርትከት ቫይረስም እዚያ ላይ አይሠራም።

ቤት ግን ሌላ ነው። አንዳችሁ በፒችትሪ ሒሳብ ትሠራላችሁ፣ ሌላችሁ በፓወር ግዕዝ ትጽፋላችሁ። እነዚህ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱን አጥፉ አልልም። ሁለቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ሲበራ የትኛውን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል፤ ትመርጣላችሁ። ወደ ሌላው ለመሄድ ሪስታርት ማድረግ ነው።

ከሁሉ በፊት ባክአፕ። አደራ የምለው ይህንን ነው። ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ፋይል፣ ሁሉንም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ከገለበጣችሁ በኋላ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሁለት ሦስት ፎቶ ከፍታችሁ እዩ። ተገልብጧል ብሎ ማሰብና ተገልብጦ ማየት አንድ አይደሉም። እዚያው ዲስክ ላይ ከሲ (C:) ወደ ዲ (D:) ክፍል ማዛወርም ባክአፕ አይደለም፤ ያ ልጅ የተሳሳተውን ምርጫ ሲጫን ሁለቱም ክፍሎች አብረው ነው የሄዱት።

ቀጥሎ ቢትሎከር። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ መቆለፊያ ሳታውቁት በርቶ ሊገኝ ይችላል። የማስነሻ ቅንብር ሲነካ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይላችሁ አይከፈትም። ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ይገኛል። ቀድማችሁ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

መብራትንም አስቡ። ለሊነክስ ቦታ ለመስጠት የዊንዶውሱ ክፍል ሲጠብ መብራት ድርግም ካለ ዲስኩ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላና ቻርጀሩም ይሰካ። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ቤት አትሞክሩት፣ ወደ እኛ አምጡት።

የቀረው ብዙ አያስጨንቅም። ዊንዶውስ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን የፈጣን ማስነሻ ቅንብር ማጥፋት፣ ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ከሲ ላይ ቦታ መቀነስ፣ ኮምፒውተሩን ሊነክሱ ካለበት ፍላሽ ማስነሳት። ሚንት ቢያንስ 20 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ እኔ ከ50 በታች አልመክርም። ዊንዶውስም ገና የሚጫን ከሆነ እሱ ይቅደም። ሊነክስን ካስቀደማችሁ፣ ዊንዶውስ በኋላ ሲገባ የምርጫውን ገጽ ሊያጠፋባችሁ ይችላል።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ ልመለስ። መጫኛው እንዴት ልጫን ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ምርጫ ከዊንዶውስ ጎን ጫን ነው፤ በእንግሊዝኛው «ኦልንግሳይድ» የሚል ቃል አለበት። ሌላው «ኢሬዝ ዲስክ» ይላል፣ ዲስኩን አጥፋ ማለት ነው። እዚህ ጋ ስትደርሱ ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። የመጀመሪያው ምርጫ ጭራሽ ካልታየ በግምት አትቀጥሉ። ኮምፒውተሩን ዝጉና ለእኛ ንገሩን።

ከተጫነ በኋላ ሰዓቱ ግራ ያጋባችሁ ይሆናል። ሊነክስ የኮምፒውተሩን ውስጣዊ ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይይዘዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። እኛ ሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ 9፡00 በማለት ፈንታ 6፡00 ሊል ይችላል። አልተበላሸም። ሊነክስ ላይ በአንዲት መስመር ትዕዛዝ ይስተካከላል፤ ልጆቹ ያውቁታል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ወላጅ አያስበውም። ዲስኩ ካልተቆለፈ በሊነክስ የገባ ሰው የዊንዶውስ ፓስወርዳችሁን ሳያውቅ ፋይላችሁን ማየት ይችላል። የደንበኛ ወይም የታካሚ መረጃ ቤት ይዛችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፣ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ባይጫን እመርጣለሁ። ልጁ እዚሁ ይለማመድ።

የኮምፒውተር ክፍላችን እስከ ገና ድረስ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ለወላጆች ክፍት ነው። ክፍያ የለውም። ኮምፒውተሩን ከነቻርጀሩ፣ ባክአፕ ያደረጋችሁበትን ሃርድ ዲስክና አንድ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ፍላሹ ላይ ያለው ስለሚጠፋ ባዶ ይሁን። ሊነክሱን እኛ ስለምንገለብጥላችሁ ለማውረድ ኢንተርኔት አታባክኑ። ባክአፑን ከፍተን ሳናይ ግን ምንም አንነካም። ልጃችሁም አብሮ ይምጣ፤ የሚጫነው እሱ ወይም እሷ ናቸው፣ መምህራችን ከጎን ይቆማሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር