ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ግማሽ ቀን ምን ስንሠራ እንደምንውል

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

በቅርቡ ሥራ ካዘዛችሁን መካከል ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ አንስታችኋል። «ልጆቹ በጠዋት መጡ፣ መሰላል አቁመው ኮርኒስ ላይ ወጡ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ግን ማሽኑ ሲነሳ አልሰማንም። ምን ሲሠሩ ነው የቆዩት?» ልክ ናችሁ፣ መጠየቅ ያለበት ነው። ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያሳልፍ ኮርኒስ የሚለብሰውን፣ እንደ ጥጥ የላላ ነገር) በማሽን ሊነፋ የመጣ ሰው ሳይነፋ ግማሽ ቀን ከቆየ ማንም ግራ ይገባዋል።

አጭሩ መልስ «ቀዳዳ ሲደፍኑ ነው» የሚል ነው። ረጅሙን ለማንበብ ትዕግሥቱ ካላችሁ እነሆ።

ኢንሱሌሽን ቤት አያሞቅም፤ አያቀዘቅዝምም። ሥራው እንደ ብርድ ልብስ ነው። በውስጡ ለቁጥር የሚያታክቱ ጥቃቅን የአየር ኪሶች አሉ፤ እዚያ የገባ አየር መላወሻ የለውም። የቆመ አየር ደግሞ ሙቀት በማሳለፍ ሰነፍ ነው። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ያሞቃችሁት ቤት ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ በፀሐይ ጊዜም የጋለ ጣሪያ ግለቱን በቶሎ ወደ ክፍላችሁ አያወርድም። ማሞቂያውም ማቀዝቀዣውም እረፍት ያገኛሉ።

በጥቅልል የሚነጠፈው ኢንሱሌሽንም ይህንኑ ይሠራል። ችግሩ ኮርኒስ ላይ ሜዳ አለመኖሩ ነው። እዚህ ሽቦ፣ እዚያ ቧንቧ፣ በየመሃሉ ሞራሌ። ጥቅልሉ በየቦታው መቆረጥ አለበት፤ የሚቆርጠው ሰው ደግሞ በጨለማ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ነው። ክፍተት መተዉ አይቀርም። የሚነፋው ግን በረጅም ጎማ መጥቶ ይፈሳል፤ በሽቦው ሥርም በጥጋጥጉም ራሱ ይገባል። እኛ ይህን ሥራ የመረጥነውም ለዚህ ነው።

የምንነፋው ነገር ሦስት ዓይነት ነው። ሴሉሎስ በአብዛኛው ከአሮጌ ጋዜጣና ወረቀት የሚፈጭ ነው። «ወረቀት ኮርኒስ ላይ አስቀምጠን ልንተኛ ነው?» ያላችሁን አንረሳም! እሳት በቀላሉ እንዳይይዘው ቦሬት የሚባል የማዕድን ጨው ይቀላቀልበታል። ይኸው ጨው ሻጋታንና ነፍሳትንም ያርቃል። ፋይበርግላስ ከቀለጠ ብርጭቆ እንደ ጥጥ የተፈተለ ነው። ቀላል ነው፤ በእኩል ውፍረት ግን ሙቀት የመያዝ አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከሴሉሎስ ትንሽ ያንሳል። ሦስተኛው ከቀለጠ ድንጋይ ወይም ከብረት ማቅለጫ ዝቃጭ የሚሠራው የድንጋይ ጥጥ ነው፤ ከፍተኛ ሙቀት ይችላል። የቱ ይሻላል ለምትሉ፣ ልዩነታቸው ሰዎች እንደሚከራከሩበት ያህል አይደለም። የአነፋፉ ጥራት ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ምንም ያልለበሰ ተራ ኮርኒስ የሚያሳልፈውን ሙቀት 100 እንበለው። 10 ሴንቲሜትር ሴሉሎስ ሲነፋበት በስሌት ወደ 15 ገደማ ይወርዳል። 20 ሴንቲሜትር ሲሆን ወደ 8። 30 ሲሆን ወደ 6 አካባቢ። ትልቁን ሥራ የሚሠራው የመጀመሪያው ንብርብር ነው፤ ከዚያ በኋላ እየጨመራችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የምታገኙት እያነሰ ይሄዳል። «50 ሴንቲሜትር ንፉልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደስ ብሎን ዝም ማለት እንችል ነበር። አንልም።

በዚያው ስሌት 20 ሴንቲሜትር የለበሰ ኮርኒስ ውሰዱ። ከስፋቱ 5 በመቶው ብቻ ባዶ ቢቀር፣ 8 የነበረው ከ12 በላይ ይሆናል። 20 ሴንቲሜትር ከፍላችሁ 12 ወይም 13 ሴንቲሜትር አገኛችሁ ማለት ነው። ይህ ደግሞ አየር በቀዳዳ ሲያልፍ የሚወስደውን ሳንቆጥር ነው።

የአየሩ ነገር የባሰ ነው። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ይወጣል። ኮርኒሱ ላይ ቀዳዳ ካገኘ በዚያ ይሾልካል። የወጣውን ለመተካት ደግሞ በበርና በመስኮት ሥር ቀዝቃዛ አየር ይገባል። እግራችሁን የሚበርዳችሁ ሰዎች በሩን ትወቅሳላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከጭንቅላታችሁ በላይ ያለው ኮርኒስ ነው። የሚነፋ ኢንሱሌሽን ይህን በራሱ አያቆምም። ልል ነው፤ በቀዳዳ ተገፍቶ የሚመጣ አየር በውስጡ ያልፋል።

ይህንን የተማርነው በራሳችን ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቤት ውስጥ ቆንጆ አድርገን ፋይበርግላስ ነፋን፤ ውፍረቱም እኩል ነበር። በብርዱ ወራት የቤቱ ባለቤት ደወሉ። «ልጆቼ፣ ቤቱ እኮ ያው ነው» አሉን። ወጥተን አየነው። ነጩ ፋይበርግላስ እዚህም እዚያም ጠቁሯል፤ እንደ አሮጌ የአየር ማጣሪያ። ከሥሩ ስንገልጥ በቧንቧዎቹ ዙሪያ ክንድ የሚያሳልፍ ክፍተት አገኘን። አየሩ በዚያ እየወጣ አቧራውን እላዩ ላይ ጥሎ ይሄድ ነበር። የኮርኒሱን በር ደግሞ ጭራሽ ረስተነዋል፤ ስስ ጣውላ ብቻ ነበር። በነጻ ደግመን ሠራነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ ጠዋት የምታዩዋቸው ልጆች ባትሪና የፎም (ቀዳዳ ውስጥ ተረጭቶ የሚያብጥና የሚደርቅ አረፋ) ጣሳ ይዘው እየዳኹ ነው። የሽቦ መውጫዎችን፣ የቧንቧ ዙሪያውን፣ የግድግዳዎቹን አናት ይደፍናሉ። የጭስ ማውጫ ዙሪያ ግን በተራ ፎም አይደፈንም፤ እዚያ ቆርቆሮና እሳት የሚችል ማሸጊያ እንጠቀማለን። ኢንሱሌሽኑም ወደ ጭስ ማውጫው እንዳይጠጋ ዙሪያውን እናጥራለን። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ አምፖሎችም እንዲሁ ናቸው፤ እንዲሸፈን ተብሎ ያልተሠራ አምፖል ከተሸፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አሮጌ፣ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ካየን ሥራውን አቁመን ኤሌክትሪሺያን አስመጡ እንላችኋለን። አንዳንዶቻችሁ በዚህ ተቀይማችሁን ነበር። እናውቃለን።

የመታጠቢያ ቤት የእንፋሎት ማውጫ ሁለተኛው ራስ ምታታችን ነው። ስንቱን ቤት አየነው፤ ቱቦው ውጭ ሳይደርስ ኮርኒስ ላይ ቆሟል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ጣሪያ ሲያገኝ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ኢንሱሌሽኑ ይርሳል፣ እንጨቱ ይሻግታል። የሚያፈስ ጣሪያም ያው ነው። ጣሪያው ሳይጠገን አንነፋም። በጣሪያው ጠርዝ በኩል ያለውን የአየር ማስገቢያም አንዘጋም፤ በተለየ ማገጃ ክፍት እናቆየዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ በእናንተ በኩል። ቤቱ ሲታሸግ በጋዝ ወይም በእንጨት የሚሠራ ማሞቂያ ያለው ሰው ጭሱ በትክክል መውጣቱን ማስፈተሽ አለበት። ይህ ቀልድ የለውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ማሽኑ የሚነሳው። አንዱ ውጭ ከረጢት እየቀደደ ይሞላል፣ ሌላው ላይ ጎማውን ይዞ ከሩቅ ጥግ ወደ በሩ እየነፋ ይመለሳል። ይህኛው ክፍል ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። ጫጫታ አለው፣ አቧራም አለው።

እዚህ ላይ የሙያችንን አንድ ምስጢር እንንገራችሁ። ውፍረት ማታለል ቀላል ነው። ማሽኑ ላይ አየሩን ከፍ፣ ቁሳቁሱን ዝቅ ካደረጋችሁት የተነፋው ነገር እንደ አረፋ ይኮፈሳል። በሜትር ስትለኩት ልክ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን ይሰጥማል። ሴሉሎስ በትክክል ተነፍቶም ቢሆን እስከ አንድ አምስተኛ ሊሰጥም ይችላል፤ ስለዚህ ሲነፋ ከሚፈለገው አስበልጠን እንነፋለን። እውነቱን የሚናገረው የከረጢቱ ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ለስንት ካሬ ሜትር፣ በምን ያህል ውፍረት እንደሚበቃ ተጽፏል። ሥራው ሲያልቅ ባዶ ከረጢቶቹን አንጥልም፤ በር ላይ ደርድረን እንተዋቸዋለን። ቁጠሩና ከስፋታችሁ ጋር አመሳክሩ። የማንንም ሥራ በዚሁ መመዘን ትችላላችሁ፣ የእኛንም ጭምር።

ግድግዳ የምታሠሩ ደንበኞች ሥራው ትንሽ ይለያል። በየእንጨቱ መሃል በትራፓኖ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ እንከፍታለን። በቱቦ አጥብቀን እንሞላና እንደፍነዋለን። እዚህ ልል አድርጎ መንፋት አይቻልም፤ ግድግዳ ውስጥ ከሰጠመ ላዩ ባዶ ይቀራልና። ቀለሙን መመለስ የእናንተ ድርሻ ነው።

ቀጠሮ ያላችሁ፣ ከመምጣታችን በፊት ከኮርኒሱ በር ሥር ያለውን ዕቃ አንሱልን። ኮርኒስ ላይ ያስቀመጣችሁት ሻንጣና ካርቶን ካለም አውርዱት፤ አንዴ ከተነፋ በኋላ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። እላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ጠጠር መሳይ አሮጌ ኢንሱሌሽን ካያችሁ ግን አትንኩት። ቬርሚኩላይት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ አዝቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) አለበት። በሩን ዝጉና ደውሉልን፣ ቀጠሮውን እናሸጋግረዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤትና ሠራተኞች